ወርቁን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ግምገማ

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ የገርጂ ሰፈር መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ማኪያቷችንን ይዘን ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠናል። የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ተጀምሯል። በዚያች ካፌ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀነኒሳን ነው የሚፈልገው። እውነቱን ለመናገር የእኔም ዓይን እንደዚያው ነበር። 5 ሰዓት እንዳለፈ ግን በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ሁሉንም ጥሎ ብቻውን የገባው ታምራት ቶላ ሆነ። 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ! ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤይጂንግ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ከ16 ዓመት በኋላ ተሰበረ። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ 24 ዓመት ያለፈው የወንዶች የማራቶን ወርቅም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እልልታው ቀለጠ። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ወርቅ ሲመጣ ግን ጥያቄ ይሞታል፤ የሀገራችን ችግር አንዱ ይኸው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ያ ሰውዬ እኮ ቡድኑ ውስጥ አልነበረም! ተጠባባቂ ነበር። የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ቀነኒሳ በቀለና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ተጎዳና ቦታውን ለቀቀ። ታምራት የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። የሲሳይ ጡንቻ ደህና ቢሆን ኖሮ የኦሊምፒኩ ሻምፒዮን ያንን ውድድር እንደ እኔና እንደ እርስዎ በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው። በፓሪስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ወርቅ ደግሞ ያ አንዱ ብቻ ነው። ለመሆኑ ይህን ስናስብ አይዘገንነንም?

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መራጮቹን ያለ አግባብ መውቀስ አልፈልግም። ወረቀት ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ላየ ሰው ምርጫው ስሕተት የለውም። ሲሳይ በ2023 ቫሌንሺያ ላይ 2፡01፡48 ሮጧል፤ በ2024 ሚያዝያ ቦስተንን አሸንፏል። ደሬሳ በዚያው ዓመት ሴቪያን በ2፡03፡27 ነው የወሰደው። ቀነኒሳ ለንደን ላይ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጣ። የታምራት ምርጥ ሰዓት ደግሞ 2፡03፡39 ነው። ከደሬሳ የሚለየው በ12 ሰከንድ ነው። አሥራ ሁለት ሰከንድ! ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ ገብቶ በሩን ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው።

አሁን ፋይሉን ገልበጥ እናድርገው። ታምራት በ2016 ሪዮ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ በ2017 ለንደን የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር፣ በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ። በ2023 ኅዳር ኒው ዮርክን ያሸነፈው 2፡04፡58 ገብቶ ነው፤ ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ያስመዘገበውን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ። በእርግጥ በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ የሻምፒዮንነት ክብሩን ማስጠበቅ አልቻለም። መራጮቹ ይህን ቢያነሱ ያስኬዳቸዋል። ሰውዬው ግን ለሀገሩ ሲሮጥ ሜዳሊያ ማምጣት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማስረጃውም በጠራራ ፀሐይ የተመዘገበ ነው።

ሰዓት የሚዋሸው የት ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ቫሌንሺያና ሴቪያ ጠፍጣፋ ከተሞች ናቸው። አሯሯጭ ከፊት ተሰልፎ ነፋሱን እየሰበረ፣ ፍጥነቱን እየለካ ይወስድሃል። የአንተ ሥራ ከኋላው ተጣብቀህ መቆየት ነው። ኦሊምፒክ ላይ አሯሯጭ የለም። አንዱ ይፈተለካል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ማን እንደ ደከመና ማን እንደሚያታልል በፊቱ አይተህ ነው የምትወስነው። የፓሪሱ መንገድ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቶ ቬርሳይ ደርሶ ሲመለስ ድምር ዳገቱ 436 ሜትር ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይ ለእግረኛ እንኳ የሚያስተነፍስ አቀበት ነው። ይህ መንገድ ቀርቦ የሚመስለው ማንን ነው ቢባል ቫሌንሺያን አይደለም፣ ኒው ዮርክን ነው። ድልድይ መውጣት፣ ድልድይ መውረድ፣ መጨረሻ ላይ የሴንትራል ፓርክ ዳገት፣ አሯሯጭም የለ። ሌሊሳ ዴሲሳም በ2018 ኒው ዮርክን አሸንፎ በ2019 ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለት ሰው ሕግ አይሆንም፤ ፍንጭ ግን ይሆናል። የፓሪስ ውድድር መንገድ ካርታው ቀደም ብሎ ለዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። ይህን ካርታ ከአትሌቶቹ ፋይል ጎን አስቀምጦ ማየት ምን ያህል ይከብዳል?

ሰዓት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በሴቶቹ በ2023 በርሊን ላይ 2፡11፡53 የሮጠችው ትዕግሥት አሰፋ ፓሪስ ላይ ብር አምጥታለች፤ የቀደመቻት የአዳማ ተወላጇ ሲፋን ሐሰን ናት፣ ያውም ለሆላንድ ሮጣ፣ በ3 ሰከንድ ብቻ። ደሬሳም 5ኛ ወጥቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀነኒሳ ግን በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ገባ። ስሙ ሲጠራ ያጨበጨብነው እኛው ነን። መራጩ ያንን ጭብጨባ መስማት አልነበረበትም፤ ሥራው ያ ነዋ!

"ታዲያ ማጣሪያ ይደረግ፣ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ የወጣ ይሂድ" የሚል አይጠፋም። ሞክረነዋል እኮ! ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር አሮጥናቸው። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳና ሲሳይ አለፉ። ከዚያስ? የማራቶኑ ውድድር በተደረገበት ሳፖሮ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደረቅ አየር ጎበዝ የሆነውን መርጠን፣ በሙቀትና በወበቅ እንዲሮጥ ላክነው። ማጣሪያ ጥሩ የሚሆነው የሚለካው ነገር የሚፈለገውን ሲመስል ነው። አለዚያ ሰበታም ያው እንደ ቫሌንሺያ ሌላ ዓይነት የተሳሳተ ሜትር ናት።

አሜሪካኖቹ ለፓሪስ በየካቲት 2024 ኦርላንዶ ላይ አሮጡና ማለፊያውን ያሟሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ላኩ። 8ኛና 9ኛ ወጡላቸው፤ ሜዳሊያ የለም። ነገር ግን በኦርላንዶ 4ኛ የወጣው ሰው ለምን እንደቀረ ያውቃል። እኛ ዘንድ የቀረው ሰው ለምን እንደቀረ የሚያውቀው በሐሜት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት ከቨርጂኒያ የመጣ የአክስቴ ልጅ ቦሌ አንድ ቤት ቁጭ ብለን ስለ አሜሪካን ፉትቦል ሲያወራኝ አመሸ። ያ ሞላላ ኳስ በእጅ የሚወረወርበት፣ ሰው እንደ በሬ የሚጋጭበት ጨዋታ ማለቴ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ 32ቱ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት የተዋረደው ክለብ ቀድሞ ያነሳል። ትልቁ ራስ ምታት ኳርተርባክ የሚሉትን መምረጥ ነው። እሱ ኳሱን ተቀብሎ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ልጅ ነው። ከምርጫው በፊት ቁመቱን፣ የእጁን መዳፍ ስፋት፣ የ40 ያርድ ሩጫውን ይለኩታል። እንዲህ ለክተው ለክተው በ2000 ቶም ብራዲ የሚባለውን ልጅ 199ኛ አድርገው መረጡት። ስድስት ኳርተርባኮች ከእሱ ቀድመው ተወስደዋል። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ! በ2007 አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ደግሞ ሦስት የውድድር ዘመን ቆይቶ ከሜዳ ጠፋ። በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ተመራጭ ብሮክ ፐርዲ፣ በሁለተኛ ዓመቱ ክለቡን ለዋንጫ ፍጻሜ አበቃ። ያን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዘውም ይስታሉ፤ ሜትር የልጁን ክንድ እንጂ በጭንቅ ሰዓት የሚወስነውን አእምሮ አይለካም።

"ታዲያ ከእኛ በምን ተሻሉ?" አልኩት። መልሱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እዚያ ማን ማንን ትቶ ማንን እንደመረጠ በይፋ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ብራዲን ስድስት ጊዜ ያለፉት ክለቦች ስማቸው ዛሬም ይነሳል። ተመራጩ ብቻ ሳይሆን መራጩም ይመዘናል።

እኛ ዘንድስ? ግምገማ የሚለውን ቃል በዚህች ሀገር የማያውቅ ሰው የለም፤ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር ስንገመገምና ስንገማገም ነው የኖርነው። ገምጋሚውን ማን ገመገመው? ጉርድ ሾላ ያለው የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሕንጻ አጠገብ በየቀኑ በታክሲ አልፋለሁ። በመሪነት ወንበሩ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተቀምጦበታል፣ ደራርቱ ቱሉ ተቀምጣበታለች፣ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ስለሺ ስህን ተመርጦበታል። ሦስቱም ሩጫ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ እኔ ብዕር ሳልይዝ ለዚህ ሕዝብ ሜዳሊያ ያመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ችግሩ የእውቀት ነው አልልም። እኔ የማውቀው ስፖርት አፍቃሪ ሁሉ ግን ከኦሊምፒክ በፊት የሚያየው ስም ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ አትሌት በምን ስንት ነጥብ እንዳገኘ፣ መንገዱ ምን እንደሚጠይቅ፣ ተጠባባቂው ለምን ተጠባባቂ እንደሆነ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያ ውጤት ሲበላሽ ሁሉም ይጮሃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? በ2025 ከቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ያለ ወርቅ ስንመለስም የሆነው ያው ነው።

መስፈርቱ ሚኒማ ማሟያው ጊዜ በሚከፈትበት ቀን ይውጣ። ሰዓት ይህን ያህል፣ በሻምፒዮና ያመጣው ውጤት ይህን ያህል፣ አሯሯጭ በሌለበትና በዳገታማ መንገድ ያሳየው ይህን ያህል ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። አትሌቱ ከጉዳት ነጻ መሆኑን አሠልጣኙም ማናጀሩም ያልቀጠረው ሐኪም ይይ። ከተመረጡ በኋላ ነጥቡ ይለጠፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያችንን በ2021 ሄንግሎ፣ ሆላንድ፣ በ2024 ደግሞ ኔርኻ፣ ስፔን ወስደን ማካሄዳችን ምክንያት አለው፤ ከፍታችን ሰዓት ይገድላል። ለዚያ የአውሮፕላን ትኬት ከተገኘ፣ ለአንድ ገጽ ወረቀት ማተሚያ አይጠፋም።

ስለ አበበ ቢቂላም ልጨምር። በ1960 ሮም የሄደው በታመመው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ታሪኩ እንዲህ አልነበረም ብለው የሚያርሙ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ተረቱን የምንወድበት ምክንያት ነው፤ በዕድል የተገኘ ወርቅ ደስ ይለናል። ስድሳ አራት ዓመት ቆይቶ ያው ነገር በታምራት ሲደገም ደግሞ "የእግዜር ሥራ" ብለን አለፍነው። እግዜርን የመራጭ ኮሚቴ አባል አድርገነው እንቀራለን?

ካራ አካባቢ የሚኖር አንድ ጎረቤቴ የነበረ ልጅ አለ። ገና 21 ዓመቱ ነው፤ እኔን "ጋሼ" ይለኛል፣ ሠላሳዎቹን ሳልጨርስ! ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ለልምምድ ወደ ሰንዳፋ ይሄዳል። ከሌሎች ሁለት ሯጮች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ዳገት ላይ ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ ሰው አይመስልም። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው ማናጀሩ ሁለት ውድድር አቅርቦለት እየመረጠ ነበር። አንዱ ጠፍጣፋ ከተማ ነው፣ አሯሯጭ ያለው። ሌላው አቀበት የበዛበት ነው፣ ሽልማቱም የተሻለ ነው።

"አቀበቱ ላይ ታሸንፋለህ እኮ" አልኩት።

"አሸንፋለሁ ጋሼ። ሰዓቱ ግን ያስቀረኛል" አለኝ። "ማን ያየዋል ዳገቱን? ወረቀቱ ላይ ዳገት አይጻፍም።"

ጠፍጣፋውን መርጧል። ቦርሳውን አንግቶ ወደ ታክሲው ሮጠ።