ሦስቱም ቆመዋል! ማን አቆማቸው?

ይድረስ ለሚመለከተው ሁሉ! መቼም «ለሚመለከተው» እንላለን እንጂ የሚመለከት መኖሩን እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካማሺ በሚገኘው ግቢያችን ሦስት ተሽከርካሪ አለ። ላላወቀን ሰው ሀብታሞች እንመስላለን። አንዷ አባቴ ሰሊጥና በቆሎ የሚጭንባት አሮጌ አይሱዙ ናት፤ ሌላዋ የታናሽ ወንድሜ ባጃጅ፤ ሦስተኛዋ የኔ ሞተር ሳይክል። በአንድ ሳምንት ሦስቱም ቀጥ አሉ! የአይሱዙዋ ፍሪሲዮን አለቀ፣ የባጃጇ ሞተር ነከሰ፣ የኔዋ ካቴና ተበጠሰ።

በዚያው ሳምንት ሌሊት የወንድሜን ሚስት ምጥ ያዛት። ሦስት ተሽከርካሪ በደጁ የተገተረ ቤተሰብ ወላዱን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰ! ደግነቱ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው የበላችሁ» አለን። ዓይን አይደለም ወገኖቼ! የበላን ፖሊሲ ነው።

አባቴ ዘይት በጊዜው አይቀይርም፤ ይህን አልክድም። ግን የቀረውስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን ቆለለው። አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው አሉ። አዲሱን ማን ቻለውና! ድሮ የገባችውን አሮጌ እየጠጋገንን ቀረን። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ንዱ ተባልን። ይሁን! ታላቁ ግድብም እኮ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። ግን እኔ በምመላለስበት መንገድ መኪና ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ በዓይኔ አላየሁም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው፤ በመፈክር አይመጣም!

ከሁሉ የሚብሰው ግን መንገዱ ነው። ከካማሺ አሶሳ በመኪና ለመድረስ ወለጋን ማቋረጥ ግድ ነው። መስከረም 2011 ከአሶሳ ስብሰባ የሚመለሱ የዞናችን ባለሥልጣናት መንገድ ላይ ተገደሉ። በተከተለው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ከዚያ ወዲህ ሹፌር መንገድ ሲጀምር ከጎማው በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው። ነጋዴውም የስጋቱን ዋጋ በፍሪሲዮኑ ላይ ይደምራል። ከፋዩ ማነው? እኛው!

ለመሆኑ የምንጠይቀው ብዙ ነው? የሥራ መኪና መለዋወጫ ላይ ያለው ቀረጥ ይቀነስ። መንገዱ ይጠበቅ። ለወላድ የሚደርስ አምቡላንስ ይኑር። በቃ!

የኛዋ አይሱዙ አንድ ቀን ፍሪሲዮን ተገኝቶላት ትነሳለች። የቆመ መንግሥትስ በምን ይነሳል?