ዘበኛውም ሰርሳሪውም አንድ ሲሆን

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ በአገራችን የሳይበር ደኅንነት ወር ይከበራል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ዜጎች የይለፍ ቃላቸውን እንዲያጠነክሩ፣ ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል እንዳይከፍቱ፣ ሶፍትዌራቸውን በየጊዜው እንዲያድሱ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ አንድም ቃል አልቀንስለትም። የእኔ ጥያቄ ስለ ምክሩ ሳይሆን ስለ መካሪው ነው። ለመሆኑ የኢትዮጵያውያንን የግል ኮምፒውተር ሰብሮ በመግባት በዓለም አደባባይ ስሙ የተነሣው ማን ነበር?

ለዘነጋ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በግንቦት 7 ሰዎች ፎቶግራፍ ተሸፍኖ እንደሚላክ፣ ትእዛዝ የሚሰጠውም ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ውስጥ እንደተገኘ ይፋ አደረገ። ሻጩ ጋማ ኢንተርናሽናል ደግሞ ሸቀጡን ለመንግሥታት ብቻ እንደሚሸጥ ሲናገር የኖረ ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ለኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ የተላከው «ጽሑፍ» ሲመረመር የጣልያኑ ሃኪንግ ቲም ሥራ ሆኖ ተገኘ። የመንግሥት ወገን ግን የዚህን ኩባንያ ምርት አልተጠቀምንም፣ የምንጠቀምበትም ምክንያት የለንም ሲል አስተባበለ።

ነገሩ በዚያ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰበረና 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ ለዓለም ተበተነ። ከተበተነው መካከል ከኢንሳ ጋር የተደረጉ የደብዳቤ ልውውጦችና የአንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰኝ ይገኙበታል። የሰውን ቤት ሰብሮ መግባትን እንደ ሙያ የሚሸጠው ኩባንያ የሠራተኞቹ የይለፍ ቃል ሕፃን የሚገምተው ዓይነት እንደነበርም ታወቀ! እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ደግሞ ተራው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሆነ። የአዶቤ ፍላሽ ማደሻ መስሎ ለተቃዋሚዎችና የኦሮሞ ሚዲያ ኔትወርክን ይመሩ ለነበሩት ለጃዋር መሐመድ ጭምር ተልኮ ነበር። የተሰለሉትን ኮምፒውተሮች የሚመዘግበው ሰነድ ግን ማንም ሊያነበው በሚችል ሰርቨር ላይ ተጥሎ ተገኘ። የድኻ አገር ገንዘብ የወጣበት ስለላ ራሱን መሸፈን እንኳ አልቻለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የአንድ ተራ ቤት ታሪክ ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከራከር የፈቀደለት ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በኢሜይል ከመጣ የዎርድ ሰነድ የተነሣ ከኦክቶበር 2012 እስከ ማርች 2013 ድረስ ኮምፒውተሩ በፊንስፓይ እንደተያዘ ገልጾ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ኮምፒውተሩ የቤተሰቡ ነበር። በክሱ እንደተዘረዘረው የስካይፕ ንግግሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሁሉ ተቀድቷል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የታሪክ የቤት ሥራ ለየትኛው የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋት ማስረጃ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ጉዳዩን ዘጋው። የዘጋው ግን ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ አይደለም፤ ጥፋቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም በማለት ነው። እንግዲህ የቤትህን ግድግዳ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ያፈረሰ፣ ስለ ርቀቱ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

በአገር ቤትስ? በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ኮምፒውተርንና መልእክትን ከሰላይ የመጠበቂያ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ዛሬ በጥቅምት በአደባባይ የሚሰበከው ምክር ያኔ በሽብር ክስ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ «አስቸኳይ» በሆነ ጊዜ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይቀድም ጠለፋ የሚካሄድበትን በር ክፍት ተወ። ለተራው ሰው ወንጀል፣ ለሹሙ ሥልጣን!

እዚህ ላይ «እኔ የምደብቀው የለኝም፣ ምን ያገባኛል?» የሚል የተማረ ወገን ይነሣል። ይህን ከዩኒቨርሲቲ መምህራን አፍ ጭምር እሰማለሁ። ለእነዚህ ወገኖች መልሴ አጭር ነው፤ እስቲ ወደ አሰንዳቦ ገበያ ውረዱ። እሸት ቡናና ጀንፈል የሚሰበስበው ነጋዴ ግቢውን በቆርቆሮ ያጥራል፣ መጋዘኑን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሌሊት ዘበኛ ያሳድራል። የሚደብቀው ወንጀል ስላለው ነው? የለም፤ ንብረቱ የራሱ ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን ገንዘቡ ከመጋዘኑ ወጥቶ በስልኩ ባንክና በቴሌብር ውስጥ አድሯል። ለሰላዩ የተተወው ቀዳዳ ለሌባውም ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ሹምና ቀማኛ አይለይምና። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተሠራው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለራሱ ብሎ ደብቆ ካቆየውና ከተሰረቀበት መሣሪያ ነው።

ይህን ስል ባለቤቱን ከኃላፊነት ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ዋናክራይ ሲነሣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ተቆራጭ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። እኛ ግን ከየሱቁ በፍላሽ የተገለበጠ ዊንዶውስ፣ መክፈቻው ተሰብሮ የተጫነ ጸረ ቫይረስ፣ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል የሚሠራ ራውተር ይዘን እንተኛለን። ራውተሩን ዛሬውኑ ለውጡ። ለኢሜይል፣ ለቴሌግራምና ለባንክ አንድ የይለፍ ቃል አትጠቀሙ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ በስልክ የመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል አትስጡ። ማደሻን ከራሱ ከሶፍትዌሩ እንጂ ሰው ከላከው ሊንክ አታውርዱ፤ የሳይበርቢት ወጥመድ ይኸው ነበርና። የሚያሳሳችሁን ሰነድ ከኢንተርኔት በተነጠለ ዲስክ አኑሩ። አብዛኛው ሌባ በዚህ ይመለሳል።

ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የሚመጣውን ግን ቁልፍ ብቻውን አይመልሰውም፤ እሱን የሚመልሰው ሕግ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ተብሎ በእስር ቤት የተፈጸመው ግፍ በፓርላማ ፊት ሲታመን፣ ስለነዚህ ሶፍትዌሮች ግን የተሟላ ማብራሪያ አላየንም፤ ምን ተገዛ፣ በማን ላይ ዋለ፣ ዛሬስ የት አለ? ሁለተኛ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ወደ ዜጋ ኮምፒውተር የሚያስገባው በር ይዘጋ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የግል ድርጅትን ብቻ የሚያስፈራ እንዳይሆን ይሁን። ሦስተኛ፣ ራስን መጠበቅ መማር ዳግመኛ የክስ ማስረጃ አይሁን።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። የእኛ ነገር ከዚህም ይከፋል፤ ጅቡ ሳይሄድ፣ ከውሻው ጋር አንድ ደጅ ላይ ተኝቶ፣ እኛን በራችሁን ዝጉ ይለናል። እንዘጋለን። መዝጋታችን ግን ማን ገብቶ እንደነበር ከመጠየቅ አያግደንም።