ልጅ አይቀረጽም

ባለፈው ሳምንት የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ይሄማ አይቀረጽም፣ ይሰናበት» ተባለ። ልጁ ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ሽመና ላይ ያመሻል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛል። ሽሮ ሜዳን ለምታውቁ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ግን ቃሉም አናደደኝ። የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቀረጸ» ከግዕዝ የወረስነው ግስ ነው። መቁረጥ፣ መፋቅ፣ መጥረብ ነው ነገሩ፤ እንጨትና ድንጋይ ላይ በስለት የሚሠራ። (በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፣ እባካችሁ ፀሐዩን ፀ ተዉት።) ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀረጹም ያው ነበር፤ መርፌ እየፋቀ ነው ድምፁን የሚያስቀረው። ቀራጺ የሚሠራው በመቀነስ ነው። ላሊበላን የፈለፈለ ሰው መሮው አንዴ ከሳተ የወደቀውን ድንጋይ መልሶ አይለጥፍም። እና ይሄን ግስ ነው «ትውልድ መቅረጽ» እያልን በየስልጠናው የምንደጋግመው? ከዚህ ልጅ ላይ ምኑን ልንፍቅ ነው?

አያቴ እዚሁ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናው አንገቱ ላይ ሲሰነጠቅባት አትጥለውም። ውሃ ነካ አድርጋ ትዳብሰዋለች፤ እምቢ ካላትም አፍርሳ እንደገና ታቦካዋለች። «ቀረጽኩ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «አበጀሁት» ነበር የምትለው። ይሄ ደሞ ከ«በጀ» የመጣ ነው፤ ጠቀመ፣ ተስማማ ማለት። አበጀ ሲባል እንዲበጅ አደረገ ነው። «ይበጅሃል» የምንለውም፣ «አበጀህ!» ብለን የምናመሰግነውም ከዚያው ቤት ነው። («በጀት» ግን ዘመዱ አይደለም፣ ፈረንጅ ነው። ስንቱ ተማሪ ፈተና ላይ ጽፎልኛል!)

እሷን «ጠይብ» ይሏት ነበር። ከ«ጠቢብ» የወጣ ቃል እኮ ነው፤ ስድብ አደረግነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ሰፈራችን ግን አዋጁ የደረሰው አይመስልም።

«ቃል ላይ ምን ታካብዳለህ?» የምትሉኝ ባልደረቦቼ አላችሁ። «አልቀረጽ አለ» ስንል ጥፋቱ የድንጋዩ ነው፤ እኛ ቤታችን እንገባለን። «አላበጀነውም» ብንል ግን አንድ ሰው ተነስቶ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ አባቱን መጠየቅ ነበረበት። እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር። ትናንት ሄጄ ጠየቅኩ። ሰባት ሰዓት ሌሊት።

ሰኞ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። የድሮ ተማሪዎቼ፣ «አይቀረጹም» ተብላችሁ የነበራችሁ ዛሬ የት እንዳላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ስብሰባው ላይ አነብላቸዋለሁ።