ሞትን በቀጠሮ ማሳደር ይቻላል?

አስከሬንን አቀዝቅዞ ለነገ ሕክምና ማቆየት፣ የሰውንም ዕድሜ ከተለመደው ልክ በላይ መግፋት፦ ይህ ሐሳብ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው ምኑ ነው? ከቢሾፍቱ አንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ ከአዳማ ደግሞ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና የእድር ጸሐፊ ይሟገቱበታል።

ሐኪሟ፦ ቅዝቃዜውን እኮ እናውቀዋለን

ይህን ወሬ ቢሾፍቱ ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያማትባል። የሚገርመኝ፣ ካማተቡት መካከል ጠዋት ላሙን ለማስጠቃት አዳቃይ ጠርቶ የመጣ መኖሩ ነው።

አዳቃዩ በሞተር ሳይክል ጭኖ የሚዞረውን ታንክ ክዳኑን ሲያነሳው ነጭ እንፋሎት ይግተለተላል። ውስጡ ያለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። በመቆንጠጫ ቀጭን ስትሮ ይመዝዛል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይነክረዋል፤ ጠርጎ ጫፉን ይቆርጥና ወደ ላሚቱ ይሄዳል። ዘጠኝ ወር ቆይቶ ጥጃ ነው። የጥጃው አባት ምናልባት ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። የሞተ ኮርማ በሉሜ ወይም በአደአ ጓሮ አባት ሲሆን ማንም «የፈጣሪን ሥራ ነካችሁ» ብሎን አያውቅም፤ የሚጠይቁን «ሴት ትሆናለች ወይ?» ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ግሊሰሪን የተጨመረበት የአውራ ዶሮ ዘር ቀዝቅዞ ሲፈታ እንደማይሞት አዩ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮርማ ተደገመ። እኛ ዘንድ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በስዊድኖች ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የማዳቀል ሥራውን ለአርሲ ገበሬ አደረሰ፤ በኋላም የቃሊቲው ማዕከል ለአገሪቱ ሁሉ አዳረሰው። ዘር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የቀዘቀዙ የሰው ፅንሶች በ2022 አሜሪካ ውስጥ መንታ ሆነው ተወልደዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያድጉም ሳይሞቱም ቆይተው።

ሙሉ ሰውስ? እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም፤ ከታንክ የተነሣ ሰው እስከ ዛሬ የለም። የመጀመሪያው በዚህ መንገድ የተቀመጠው ጄምስ ቤድፎርድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው፤ በካንሰር ሞቶ ጃንዋሪ 12 ቀን 1967 ቀዘቀዘ፤ አሁንም አሪዞና ውስጥ አልኮር በተባለው ድርጅት ታንክ ውስጥ አለ። ችግሩ በረዶ ነው። በሴል ውስጥና በዙሪያው ያለው ውኃ ሲረጋ ስለታም ክሪስታል ይሠራል፤ ያን ለማስቀረት ዛሬ ደሙ ወጥቶ በምትኩ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይገባል፤ አካሉም በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ትልቅ አካል ግን ሲሞቅ እኩል ስለማይሞቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያጓጓኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት እስከ 100 ቀን አቀዝቅዘው፣ በደቃቅ የብረት ብናኝ አማካይነት ከውስጥ እኩል አሙቀው፣ ለሌላ አይጥ ተከሉት፤ ሠራም።

ኩላሊት አልኩ። ከባቱ፣ ከመቂ፣ ከአዳማ ለእጥበት ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰውን ሰው የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቤት ተሽጦ፣ ዘመድ ተለምኖ፣ በየሳምንቱ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ኩላሊቱ የመጣው በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል ነው። ዘመድ ከሌለ፣ ወይም ካልገጠመ፣ ሌላ በር አልነበረም። ኩላሊት እንደ ኮርማ ዘር በታንክ የሚቀመጥበት ቀን ቢመጣ ያ በር ይከፈታል። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ከጠረጉት መካከል ደግሞ ሬሳ እናቀዘቅዛለን ብለው ሲሳቅባቸው የኖሩት ሰዎች ይገኙበታል።

«የእግዜር ቀጠሮ ነው» የምንለው ነገር ያሳስበኛል። በምጥ የሞተችውም፣ በወባ የሄደውም፣ ደም ግፊቱን ሳይለካ በ50 ዓመቱ የወደቀውም ቀኑ ደርሶ ነው ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 50 አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ቀጠሮውን ማን አዛወረው? ክትባት፣ አጎበርና ጤና ኬላ። ሞት አይቀርም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው።

ረጅም ዕድሜን መመኘት ድፍረት ነው ለሚሉኝ ደግሞ፣ ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ ሲወርዱ በስተቀኝ ቀና ብለው ዝቋላን ይመልከቱ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል 562 ዓመት ኖሩ ይላል፤ 300ውን በግብፅ፣ 262ቱን በኢትዮጵያ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ያን ተራራ የሚወጣ ሕዝብ ረጅም ዕድሜን የሚጠላ አይመስለኝም።

መምህሩ፦ ናይትሮጅኑን ማን ይሞላል?

ዶክተር፣ የኮርማውን ወሬ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ከታንኩ የሚወጣው ኮርማው አይደለም፤ ዘሩ ነው። ኮርማው ሄዷል። ጥጃውም እርሱ አይደለም፤ የራሱ መልክ፣ የራሱ አመል አለው። ተፈጥሮ በዘር እንጂ በራስ መመለስን አላለመደችንም። የመንታዎቹም ነገር ያው ነው፤ ፅንሶቹ ሲቀዘቅዙ ትዝታም፣ ዕዳም፣ ሚስትም አልነበራቸውም። ሰው ግን አለው።

ጥያቄዬ ግን ከሁሉ በፊት የአስተዳደር ነው፤ ከእድር ጸሐፊ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ? ናይትሮጅን በየቀኑ ይተናል። መሙላት ያስፈልጋል፤ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚሞላው ሰው ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ይህም ማንም ለማያውቀው ዘመን። ካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ ላይ አንድ ማኅበር አስከሬኖችን በመቃብር ቤት ምድር ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ዘመዶች መክፈል አቆሙ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ታንኮቹ ሞቁ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ አስከሬኖቹ በስብሰዋል፤ ቤተሰቦችም ፍርድ ቤት ሄዱ። አንቺ የጠቀስሽው አልኮር ለሙሉ አካል ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ሚሺገን ያለው ሌላው ተቋም በ28 ሺህ ዶላር ይሠራል። ርካሹም ቢሆን የአዳማ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን ለፍቶ የማያየው ገንዘብ ነው።

የእኛን እድር መዝገብ ላሳይሽ። የአባል ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የወር መዋጮ። አባል ሲያርፍ በቀይ እስክሪብቶ ቀኑ ይጻፋል፤ በስሙ ቦታ የሚስቱ ወይም የልጁ ስም ይተካል። ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበር ይወጣል፤ ብርም ለቤተሰቡ ይሰጣል። ልብ በይ፣ ለሟቹ የሚሰጥ ነገር የለም። ሁሉም ለቀሪው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዕለቱን ይቀብራሉ፤ እኛ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እንላለን፤ አቆጣጠሩ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፦ ቀሪው ቁርጡን አውቆ እንዲነሣ። ለቀዘቀዘ ሰው አርባው መቼ ይወጣል? ሚስቱስ አግብታ ብትገኝ በማን ላይ ነው ያገባችው?

ሕጉም አያግዝሽም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በመጀመሪያ አንቀጹ ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ነው ይላል። ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ደግሞ በአንቀጽ 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ ይጠየቅበታል። ሞተ አለ፤ ጠፋ አለ፤ «ይመለሳል ብለን አስቀምጠነዋል» የሚል ምዕራፍ የለም። ውርሱን ማን ይካፈለዋል? የወንድማማቾች የቦታ ክርክር ፍርድ ቤቱን በሞላበት ከተማ ሟቹ ራሱ ነገ ተመልሶ ይከራከር?

ይህች አገር ቁርጡ ያልታወቀ ሞት ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ሞቱ ተባለ፤ ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ። አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም፣ ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም ነው። በመካከል 25 ዓመት። ሻሸመኔ በተሰጣቸው መሬት ላይ ከሰፈሩት ራስተፈሪያውያን ብዙዎቹ ዛሬም የንጉሠ ነገሥቱን ሞት አይቀበሉም፤ እምነታቸው ነው፣ አልነካውም። እኔ የማስበው ሌሎቹን ነው፤ በቀይ ሽብር ልጃቸው በሌሊት ተወስዶ የቀረባቸውን። በር ሲንኳኳ እየደነገጡ፣ የልጁን ኮት ሳይሰጡ፣ እርጅና የደረሱ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ሬሳ ያልተሰጣት እናት በግፍ የተጫነባትን እንጥልጥል፣ አንቺ በክፍያ እንድንገዛው ትነግሪናለሽ።

ዝቋላን በተመለከተ፣ አቡዬ ዕድሜውን አልገዙትም። ገድሉም ዕድሜው ለምን እንደዋለ ይናገራል፤ ለዚህ አገር ሕዝብ ምሕረት ሲለምኑ ነው የኖሩት። አሪዞና ታንክ ውስጥ ያለው ሰውዬ ለማን እንደሚለምን አልሰማሁም።

ዕድሜ ማራዘም ከሆነ ነገሩ ደግሞ ሩቅ አንሂድ፤ ወንጂ እንውረድ። የሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፍት ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነበር። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ያፈራው ድንጋይ ለውኃው ፍሎራይድ ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የዚህ ሸለቆ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ የጎልማሶቹ አከርካሪ ደርቆ ጎበጠ። ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። የአዳማ ሕዝብ የተጣራ የአዋሽ ውኃ ሲጠጣ፣ በየገጠሩ ዛሬም ያንኑ ጉድጓድ የሚጠጣ አለ። በ40 ዓመቱ አንገቱን ማዞር ላቃተው ሰው ስለ 200 ዓመት ዕድሜ ማውራት ነውር ነው።

የሐኪሟ መልስ

ጋሼ፣ ወንጂን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ምስክሬን ራስዎ ጠሩልኝ። ፍሎራይድ ይጣራ ማለት እርጅናን ማዘግየት ማለት ነው። በዚሁ ሸለቆ ፍሎራይዱን ለማስቀረት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ የሞተ ከብት አጥንት የሕያዋንን አጥንት ያድናል ሲባልም መጀመሪያ የሳቀ ሳይኖር አይቀርም። «መጀመሪያ ይኼ፣ ከዚያ ያኛው» የሚለው ክርክር ቢሠራ ኖሮ ወረርሽኝ ሳያልቅ ንቅለ ተከላ አይጀመርም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ አልጠበቀም።

ስለ እናቶቹ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ግን ልጃቸውን የነጠቃቸው ሰው ነው፣ ሳይንስ አይደለም። ወዶ ፈርሞ የሄደ ሰው ቤተሰቡ የት እንዳለ ያውቃል።

«ማን ይሞላል?» ላሉትም መልስ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመኖች እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ የገበሬውን ገብስ፣ ጤፍና ስንዴ በቅዝቃዜ ይዞ ይኸው አለ። ደርግ ወደቀ፣ ረሀብ መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ ማቀዝቀዣው አልጠፋም። ለማያውቁት ትውልድ አደራ መጠበቅ የምንችል ሰዎች ነን። ቻትስዎርዝ የሚያስተምረው ቅዝቃዜ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን አደራውን ለነጋዴ መስጠት አደገኛ መሆኑን ነው።

መምህሩ ለመጨረሻ

ልጄ፣ የዘር ባንኩ ገብስ ነገ ለሚመጣው ገበሬ ነው የተቀመጠው። ገብሱ ራሱ ተመልሶ እንዲኖር አይደለም። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ ኩላሊቱን በታንክ አስቀምጪና ለመቂው በሽተኛ ስጪው፣ እኔ ራሴ ጡሩምባ እነፋልሻለሁ። ባለ ኩላሊቱ ግን ቦታውን ይልቀቅ። ሁሉም ሰው ቦታውን ይዞ የሚቆይባት አዳማ ለልጆቻችን ቤት መሥሪያ መሬት የላትም፤ አሁንም የላትም።

ደግሞም ከሞት በኋላ ለሌላ ሰው የሚጠቅም አካል ለመስጠት ሚኒሶታን መጠበቅ የለብንም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የሟቾችን የዓይን ብሌን ወስዶ ለታወሩ ሰዎች ሲያስተክል ቆይቷል። ናይትሮጅን አይፈልግም፤ ቀብር አያስቀርም፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ቃል መግባቱን፣ ቤተሰቡም በሞቱ ሰዓት ስልክ መደወሉን ነው የሚፈልገው። ብሌኑ በሰዓታት ውስጥ መነሣት አለበት፤ ሞቱን ደግሞ ጡሩምባ የሚነፋው እድር ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የአንድ ሰዓት ጉዞ ነው። ይህን በቀጣዩ ስብሰባችን አጀንዳ አስይዤዋለሁ፤ የሞጆ፣ የቢሾፍቱ፣ የባቱና የሻሸመኔ እድሮችም በየመዝገባችሁ አንድ ረድፍ ጨምሩና «ቃል ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብላችሁ አባሎቻችሁን ጠይቁ።