«ካልፈለገ ሌላ ይግባ» — የቱ ሌላ?

ሚሲዮኖች ለወለጋ ትምህርት የዋሉትን ውለታ የሚክድ ቢኖር ታሪክ ያላነበበ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር፣ የአዲስ አበባው የምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ ገና አልተከፈተም ነበር። ዳሩ ግን ውለታ ከጥያቄ አያድንም።

ኦኔሲሞስን ያስተማረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን፣ አስመራ ላይ ቤተ እስራኤላዊውን ታምራት አማኑኤልንም አስተምሯል። ታምራት የአያቶቹን ሃይማኖት ለመማር የበቃው፣ ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1905 ከዚያ አውጥቶ ወደ አውሮፓ ከወሰደው በኋላ ነው።

«ካልፈለገ ሌላ ይግባ» የሚሉን አሉ። የቱ ሌላ? አይሁዳዊ፣ ሙስሊም ወይም የዋቄፈና አማኝ የሆነ ወላጅ የተሻለ አጥቶ ልጁን በክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት ቢያስመዘግብ፣ ይህ ችግር እንጂ ምርጫ አይደለም። አዳሪ ልጅ ደግሞ ማታ የሚመለስበት የአባት ቤት የለውም፤ ጸሎቱም፣ ማዕዱም፣ መኝታውም በትምህርት ቤቱ እጅ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነት በማስገደድ እንዳይነካ፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲያስ ትምህርት ቤቱ ያልፈለገን ልጅ ከአምልኮ ሰዓት ነጻ ያድርግ፤ ይህንንም በምዝገባ ቀን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ዕውቀት የተራበን ልጅ በፊደል ማጥመድ ስብከት አይባልም።