የሰፈር ታሪክ የሚያወጉ እናቶች ሥራ ፈት አይደሉም





በአቃቂ ቃሊቲ፥ በምኖርበት ሰፈር፥ የሴቶች እድር አባላት የሆኑ እናቶች አንድ መልካም ልማድ ጀምረዋል። ይኸውም በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ቡና ካፈሉ በኋላ ከመካከላቸው አንዷ ስለ ሰፈሩ የምታውቀውን ታወጋለች፤ የቀሩትም ያዳምጣሉ፥ ይጠይቃሉ፥ ያርማሉ። አልፎ አልፎም ገንዘብ አዋጥተው መኪና እየተከራዩ ታሪክ ያለበትን ቦታ ለመጎብኘት ይወጣሉ። አንዳንድ ባሎች፥ ይልቁንም እንደ እኔ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩት፥ ይህን «ሥራ ከመፍታት የመጣ ሽርሽር ነው» ሲሉ ስለ ሰማሁ ነገሩን ከሥሩ መመርመር የሚገባ መስሎ ታየኝ።

በመጀመሪያ፥ የሚወጋ ታሪክ አለን ወይ? አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር የመጣው በአቃቂ በኩል ነው። ከሀገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው፥ 6.6 ሜጋ ዋት የሚሰጠው አባ ሳሙኤል የሚገኘው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። በ1950ዎቹም የሕንድ ባለሀብቶች የተካፈሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ከየአውራጃው የመጣውን ሠራተኛ ሰብስቧል። የቦታዎቹ ስም ራሱ ታሪክ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፥ ገላንም ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች የአንዱ ስም ነው።

ይህን ያህሉን በመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። በመጽሐፍ የማይገኘው ግን ይበልጣል። እናት የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሕፃኑን ማን ይጠብቅላት ነበር? ባቡሩ ሲቆም በጣቢያው ምን ይሸጥ ነበር፥ በስንትስ ሳንቲም? ወንዙ ሳይበላሽ ልብስ ይታጠብ የነበረው በየትኛው ቦታ ነበር? የፋብሪካው መዝገብ የጨርቁን ሜትር ይቈጥራል እንጂ ይህን አይጽፍም። የሚያውቁት እናቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር የአውሮፓን ጦርነቶች ከነዘመናቸው እንዳጠና ተደርጌአለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ስለሚፈሰው ወንዝ ግን የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ይህ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው። አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ያደጉት ተማሪዎቼም የአሮጌውን ጣቢያ ነገር የሚሰሙት ከአያቶቻቸው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ ነገሩ ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ክፍለ ከተማችን ከሁሉም ይልቅ አዲስ ነዋሪ ከሚቀበሉት አንዱ ነው። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየሰፈሩ የመጣ ሕዝብ ገብቷል። ፒያሳ በ2016፥ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ገላን ጉራ ደርሰዋል። ከመካከላቸው ከቀድሞው የተሻለ ቤት ያገኘ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን አልጋና ቁም ሣጥን በጭነት መኪና ይጓዛል፤ እድር ግን አይጫንም።

ይህን ጉዳይ ሕግ ሊጠግነው አይችልም። ስለ በጎ አድራጎትና ማኅበራት በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621ም ሆነ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 እድርን በራሱ ልማድ እንዲተዳደር ከውጭ ትተውታል። መልካም አድርገዋል፤ የእድር መሠረቱ ማኅተም ሳይሆን ትውውቅ ነውና። የማያውቁትን ሰው ድንኳንና ድስት አስይዞ መላክ፥ ገንዘብ ያዥ አድርጎ መሾም አይቻልም። እንግዲህ በአዲስ ሰፈር ትውውቁ ከየት ይምጣ? እድር ሰውን የሚያገናኘው ሞት ሲደርስ ነው፤ ይህ የወግ ጉባኤ ግን ሰው ሳይሞት ያገናኛል። የእናቶቹ ሥራ ዋጋ ያለው በዚህ ነው እላለሁ።

እንዲያውም አዲስ ገቢዎቹ እናቶች እንግዳ ሆነው እንዲያዳምጡ ብቻ ሳይሆን ተራ ይዘው እንዲያወጉ ይገባል። ካዛንቺስ የሚለው ስም በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ መሆኑን ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች ስንቶቻችን እናውቃለን? ሰፈሩ ቢፈርስም ወጉ በገላን ጉራ ሊቀጥል ይችላል።

ሦስተኛ፥ ስለ ሽርሽሩ። እናቶቹ አባ ሳሙኤልን ሲጎበኙ ያዩት ግድቡን ብቻ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ሐይቁን እንዴት እንዳበላሹት፥ እምቦጭም ውኃውን እንዴት እንደ ሸፈነው ተመልክተዋል። ያ ውኃ ከዚያ ወርዶ አዋሽ ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ለማየት መሄድም ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት እውቀት ነው። ሴቶች ሲሰበሰቡ ለሀገር ምን እንደሚጠቅሙ ለሚጠራጠር፥ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማቾች ፋሻና የመርዝ ጢስ መከላከያ ያዘጋጅ እንደ ነበር ላስታውሰው እወዳለሁ። የመኪናው ኪራይ ብዙ ነው የሚል ባል ካለም በወር ለቢራ የሚያወጣውን አስቀድሞ ይደምር።

በእርግጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ትዝታ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ዘመኑና ስሙ ከመጽሐፍ ጋር መመሳከር አለበት። የተወጋውም በጽሑፍ ካልቀረ ከቡናው ጢስ ጋር ይጠፋልና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፥ የተናጋሪዋን ፈቃድ እየጠየቁ፥ በደብተር ቢይዙት ለእነርሱም ትምህርት ይሆናል። ከዚህ ሌላ ጉባኤው ሰው ለመሰብሰብ የሚመች ነው ተብሎ ለሌላ ስብሰባ መጥሪያ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ እናቶቹ ወጉ የእነርሱ አለመሆኑን ባወቁ ቀን ቡናው ይቀራል።

እንግዲህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። የየወረዳው ሹማምንትና የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ማኅበራት ለልቅሶና ለሰርግ የተሠራውን የጋራ መገልገያ ቤት በወር ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያለ ኪራይ ይክፈቱላቸው። የባህል፥ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የእድር እናቶች ተሰብስበው ሲመጡ ሙዚየሞች በቅናሽ የሚያስተናግዱበትን ቀን ይወስን። እኛ ባሎች ደግሞ በዚያች እሑድ ልጆቹን እንጠብቅ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአቃቂ ቃሊቲ