ለቤት ግድግዳ የተለየ መርጫ ይኑር

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ብዙ ቤቶች ተቃጥለዋል። ከቃጠሎ የተረፈን ግድግዳ ጥላሸቱን አጥቦ ኖራ መቀባት የመልሶ ግንባታ ክፍል ነው። ለዚህ ሥራ ቶሎ እጅ የሚገባው የጸረ ተባይ መርጫ ቢሆንም፣ መርዙ በውኃ ቢለቀለቅም ከጎማው ፈጥኖ አይለቅም። ግድግዳውን ደግሞ ልጆች ይደገፉታል፤ እህልም ይከመርበታል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለዚሁ ብቻ የሚውል መርጫ ሊያሠሩ ይገባል። መርዝ ያልነካው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የእጅ ፓምፕና ቱቦ በእጅ ጋሪ ላይ ቢታሰሩ ይበቃል። የኖራው ውኃ በቀጭን ጨርቅ ካልተጠለለ የመርጫውን አፍ ይደፍናል፤ ዓይንም ስለሚያቃጥል መነጽር የግድ ነው። የጭቃ ግድግዳ ግን በግፊት ውኃ አይታጠብም፤ ልስኑ ይረግፋል። እሱን በደረቁ መጥረግ ይሻላል። መርጫው ከመድኃኒት ርቆ ይቀመጥ፤ በላዩም «ለቤት ብቻ» ተብሎ በቀለም ይጻፍበት።